ምስማር ላይ ያደሩ ገጾች

ሙቢና በማለዳ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ሽንት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሰማያዊው ክር ላይ ነው። ያንን ክር በጨለማም ቢሆን ታውቀዋለች፤ ራሷ ሰም ቀብታ፣ ራሷ በወስፌ እየበሳች የሰፋችበት ክር ነው። አሁን ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ደግሞ ወር ሙሉ የለፋችባቸው ገጾች፣ ነጭ ቀለም የተቀቡት፣ ጨርቅ የተለጠፈባቸው፣ ቁልፍ የተሰፋባቸው ገጾች፣ መሃል ለመሃል ተበስተው እንደ ሉካንዳ ሥጋ ተሰቅለዋል። ብዙዎቹ የሉም። ክረምት ስለሆነ ጉድጓዱ ሞልቶ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ዝንቦቹ እንኳ የአሰላ ብርድ አስንፏቸው ቆርቆሮው ላይ እንደተለጠፉ ነው። ሙቢና አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ቆመች። ሌባ ቢሰርቃት፣ አይጥ ቢበላባት፣ ዝናብ ቢያበሰብስባት ይሻላት ነበር። ሰው በሥራዋ ቂጡን ጠርጎበታል። ይኼን በጨዋ ደንብ የሚናገሩበት ቃል የለም፤ እሷም አልፈለገችለትም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሰፈሩ ሰው እስካሁን በቅጡ አልገባውም። አሮጌ መጽሔት ታሰባስባለች። የሽቦ ስፌቱን ትፈታና ገጾቹን ሁለት ሁለቱን በኮላ ታጣብቃለች፣ በግድግዳ ቀለም ሳሳ አድርጋ ታነጣቸዋለች፣ ከዚያ ከሌላ መጽሔት ቆርጣ ያወጣችውን ሥዕል፣ የቀሚስ ቁራጭ፣ የሻይ ዕድፍ፣ የፖስታ ቴምብር፣ አንዳንድ የእጅ ጽሑፍ እየጨመረች ሰው የሚያገላብጠው፣ ሲፈልግም የራሱን የሚጽፍበት ደብተር ታደርገዋለች። ከአዲስ አበባ የሚያዝዟት ልጆች አርት ጆርናል ይሉታል። ጎረቤቶቿ የሙቢና ቆሻሻ ይሉታል። ለስሙ ብዙም አትጨነቅም፤ ወንድሟ ጅብሪል ቤት፣ በወንድሟ በረንዳ ላይ የምትኖር ሴት የስም ምርጫ አይበዛላትም። ምስማሩ ላይ ያደረው ግን ለአዲስ አበባ ልጆች የተሠራ አልነበረም። ከአጥሩ ባሻገር ለሚኖሩት ለጋሽ ገብረ መድህን ነበር።

ጋሽ ገብረ መድህን ወጣት ሳሉ ስዊድኖቹ ባቋቋሙት የእርሻ ፕሮጀክት ኮምባይነር ይነዱ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደግሞ መጽሔት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። አሁን ማስታወስ ከድቷቸዋል። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፣ የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፣ ሚስታቸውን እትዬ ተሻለችን አንዳንዴ እኅቴ ብለው ይጠሯቸዋል። ሥዕል ሲያዩ ግን ይመለሳሉ። በተለይ አንዲት ገጽ ነበረች፤ ያኔ በአንድ የእርሻ መጽሔት ላይ የወጣች ፎቶ፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ኮምባይነሩ ሥር ቆመው፣ ከጎናቸው የተሸለሙት የቆርቆሮ ክምር። ያቺን ባዩ ቁጥር ቀና ብለው፣ «በዚህ ቆርቆሮ ነው ይቺን ቤት የከደንኳት፤ ጣራ ላይ ወጥቼ እኔው ነኝ የመታሁት» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሰው ናቸው፤ ይቀልዳሉ፣ ጎረቤት በስም ይጠራሉ፣ ስለ ስንዴው ዋጋ ያማርራሉ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያቺ ጥቂት ጊዜ ታስፈልጋቸው ነበር። ልጃቸው በእውቀቱ ቤቱን ለጅብሪል ለመሸጥ ተስማምቶ፣ ወላጆቹን አዳማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሊያስገባቸው ቸኩሏል። አባቱን ወክሎ ሊፈርም ነው። ሀጂ ቱሳ የሚመሯቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ከባለቤቱ አፍ ሳይሰሙ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እጃቸውን እንደማያስገቡ ተናገሩ። እነሱ ካልመሰከሩ ደግሞ ጅብሪል አይገዛም፤ ነገ ጣጣ የሚያመጣ ቤት አይፈልግም። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ጋሽ ገብረ መድህንን ራሳቸውን ሊጠይቁ ነው። እትዬ ተሻለች ይኼን የሰሙ ዕለት ነበር የባላቸውን የመጽሔት ካርቶን በአጥሩ ክፍተት ወደ ሙቢና የገፉት። «ሙቢዬ፣ አንድ ላይ ስፊለት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እጁ ላይ ይሁንለት» ነበር ያሏት። የኮምባይነሩን ፎቶ ሙቢና የመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረገችው፤ መጀመሪያ እንዲያዩት።

መጀመሪያ የተቀደደውም እሱ ነው። ምስማሩ ሥር የቀረው ጥጉ ብቻ ነበር፤ የቆርቆሮው ክምር ጫፍ ይታያል፣ ሰውየው የለም። ሙቢና የስልኳን መብራት አብርታ፣ ትንፋሿን ውጣ ጎንበስ አለች። ሰው ምን ያህል ክፉ ነገር ሊያይ ይችላል! የእጇን ሥራ እዚያ ውስጥ አየችው፤ ነጩን ቀለም፣ የቀይ ቀሚሱን ቁራጭ፣ ከዳር ደግሞ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተኛ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት። የባሕር ዛፍ ዘንግ ፈልጋ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ አጥፋ ልታወጣው ሞከረች። ወረቀቱ ርሶ ኖሮ ሽቦው እንደነካው ለሁለት ተከፈለና ሰመጠ። ወጥታ አጥሩ ሥር ተንበርክካ አስመለሰች። ከባዶ ሆድ የሚወጣ ነገር ስለሌለ እያነባች ምራቋን ብቻ ነው የተፋችው።

ኩሽና ውስጥ የወንድሟ ሚስት ጁወይሪያ ለጨጨብሳው ቂጣ እየቆራረሰች ነበር። የዲክሲስ ገጠር ልጅ ናት፤ ሥራ አትጠላም፣ እንግዳ ታከብራለች፣ ክፋት አይታይባትም። ሙቢና በሩ ላይ ቆማ ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀት የሰቀለው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኛ። ምነው?» አለች ጁወይሪያ። «ትናንት አንቺ በሌለሽበት እነ በእውቀቱ ለምሳ ሲመጡ ሶፍት አልቆ ነበር። እኛስ ውሃችን አለን። እነሱ ግን ወረቀት የለመዱ ናቸው፣ ገብተው ቢያጡ ያፍራሉ ብዬ። እንግዳ ማሳፈር ሰፉ ነው እኮ፣ ነውር ነው። በረንዳው ላይ ድንጋይ የተጫነበት አሮጌ ወረቀት አየሁ፣ ቀለም የተበላሸበት መስሎኝ ወላሂ…»

«ድንጋዩ እኮ ሙጫው እንዲይዝ ነው የተጫነው።»

«አኒ ማል ቤካ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሙቢ?»

ሙቢና የማን እንደሆነ ነገረቻት። ጁወይሪያ ቅቤ የነካውን እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ «ያ ረቢ!» አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ሙቢና ትስቅ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤት እንዳይሳቀቅ ብሎ የክርስቲያን ጎረቤትን ዕድሜ ቀዳዶ ምስማር ላይ መስቀል፣ ይኼ ከዚህ ሰፈር በቀር የት ይገኛል? እዚህ አንዱ ለሌላው ሥጋውን ለይቶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር አስቦ ነው የሚኖረው። ለደግነት ተብሎ የተደረገ ነገር ደግሞ አይረገምም። ልትወጣ ስትል ጁወይሪያ ከኋላዋ፣ ራሷን ለማዳን ብላ ሳይሆን እንዲሁ ስለመጣላት፣ «ጅብሪልም እኮ አይቶታል። ምንም ስላላለኝ ነው» አለች።

ጅብሪል ሳሎን ተቀምጦ ጨጨብሳውን ይበላል። ማንኪያ አይወድም፤ ጣቶቹ በቅቤ ያብረቀርቃሉ። እህል ነጋዴ ነው፣ ሆዱ ከመጋዘኑ ጋር እኩል እያደገ ነው። ሙቢና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ወንድምና እኅት እንዲህ ተቀምጠው ስንት ጠዋት አሳልፈዋል፤ ቴሌቪዥኑ ያወራላቸዋል፣ እነሱ ይበላሉ። ዛሬ ግን የማኘኩ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰማት፣ እያንዳንዷን ጉርሻ ስትላቆጥ፣ ስትንሸራተት ሰማች። ወንድሟ እንዲህ ሊያስጠላት እንደሚችል አታውቅም ነበር።

«ወረቀቱን አይተኸው ነበር?» አለችው።

«አየሁት።»

«የኔ መሆኑን አውቀህ?»

«እንዴት አላውቀው? ወር ሙሉ በረንዳዬን የዘጋሽበት አይደል?» ጣቱን ላሰ። «ታዲያ በእንግዳ ፊት ከሽንት ቤት ወረቀት ታቅፌ ልውጣ? ደግሞ በእውቀቱ ወጥቶ ምን አለ መሰለሽ? ‹የናንተ ሽንት ቤት እንደ ፀጉር ቤት መጽሔት ይነበብበታል እንዴ› አለ። በሳቅ ገደለን።»

«ቀድሞ የገባው በእውቀቱ ነው?»

«እሱ ነው። ምነው?»

«ከላይ የነበረው የአባቱ ፎቶ ነው።»

ጅብሪል ማኘኩን አቆመ። ለአንድ አፍታ ሙቢና የድሮ ወንድሟን፣ ጋሽ ገብረ መድህን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ኮምባይነር ያሳዩትን ልጅ፣ ዓይኑ ውስጥ ያየችው መሰላት። ከዚያ ዋጠና እጁን በፎጣ ጠረገ። እንዳትነግሪው አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን ወረቀት ይዛ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳትቀርብ፣ ሰውየው ከረሱ መርሳታቸው የአላህ ሥራ መሆኑን፣ እሷንም እንደማያገባት ተናገረ። ቀጥሎ ደግሞ ለስለስ አለ፤ ነጋዴ አይደል! ቤቱ እጁ ሲገባ የጓሮዋን ክፍል ለእሷ አስቦላት እንደነበር ነገራት። ሰፊ መስኮት ያላትን። በረንዳ ላይ ከመንከራተት ትወጣለች፣ ጠረጴዛ ያሠራላታል፣ በሯ ይቆለፋል። ሙቢና ያችን ክፍል ታውቃታለች። ብርሃኗን ታውቃለች። ለአንዲት ቅጽበት ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ መጽሔቶቿን ግድግዳው ላይ ደረደረች። ከዚያ ያሰበችው ነገር ልክ እንደ ጉድጓዱ ሽታ አቅለሸለሻት። የወንድሟስ የታወቀ ነው፤ በራሷ ላይ ምራቋን ልትተፋ ፈለገች። ተነሥታ ወጣች፣ ቁርሷንም አልቀመሰችም።

ያንኑ መጽሔት ሌላ ቅጂ ባገኝ ብላ በባጃጅ ገበያ ወረደች። ድሮ ሀሊሜ የምትባል ቅመም ሻጭ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ የምትጠቀልለው በአሮጌ መጽሔት ነበር፤ የሙቢና የመጀመሪያ ደብተሮች የተወለዱት ከሀሊሜ ጆንያ ነው። ሀሊሜ እንደተለመደው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ከገዢ ጋር ስለ ሽንኩርት ትከራከራለች። «ወረቀት?» አለች። «ድሮ ቀረ ልጄ። አሁን ሁሉ ነገር ፌስታል ነው። ወረቀት ያለው ሰው እሳት ይለኩስበታል፣ ሌላውንም አንቺ ታውቂዋለሽ» ብላ ሳቀች። ሙቢና አልሳቀችም። ጭቃውን እየዘለለች፣ የሰበሰበችውን ቀሚሷን ይዛ ተመለሰች።

መንገድ ላይ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው በስሟ ጠራት። በእውቀቱ ነው። ጫማው ተጠርጓል፣ ፂሙ ተስተካክሏል፣ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። ከወንድሟ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ ከእሷም ጋር ሁልጊዜ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ነው ሰላም የሚባባሉት። እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሙቢና እጁን አየችው። ንጹሕ እጅ ነው፣ ጥፍሩ የተቆረጠ፣ ቀለበት ያለበት። የዚያ እጅ ጣቶች ከምስማሩ ላይ ሲጎትቱ፣ ሲያጨማድዱ ታያት። ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ፣ ልክ ከሐጅ እንደተመለሰች ሴት፣ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ከመቼ ወዲህ ነው መጨበጥ የተውሽው?» አለ እየሳቀ።

«ከዛሬ ጠዋት።»

ቀልድ መስሎት ይበልጥ ሳቀ። አባባ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃት፤ አጥር ብቻ የሚለያት እሷ ከሱ የበለጠ ታውቃለችና። ስለ አዳማው ክፍል ነገራት። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሽንት ቤቱ እዚያው ውስጥ ነው፣ ሽማግሌ ሰው በዝናብ አይወጣም። እናቱ ብቻ ናት የምታስቸግረው። እሱ ለራሱ አንዳች አይፈልግም፤ ለነሱ ብሎ ነው። እንዲህ ሲል ዓይኑ ዕንባ ቢጤ አቅርሯል፣ ምናልባትም የእውነቱን ነው። ሙቢናን ከሁሉ በላይ ያስጠላት ይሄ ነው። ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን ቢያውቅ ምን ነበረበት! ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች።

በረንዳዋ ላይ የተረፉትን ገጾች አንድ በአንድ ዘረጋች። የተረጨባቸውን ለየችና አቃጠለች። የቀሩትን፣ ተሰቅለው ማደራቸው ብቻ ጥፋታቸው የሆነውን፣ በአልኮል ጠረገቻቸው፣ በካውያ ለብ አደረገቻቸው፣ ደግማ ጠረገቻቸው፣ አሸተተቻቸው። የሚሸት ነገር የለም፤ አፍንጫዋ ግን አላምን አለ። እነዚህን ነው አንድ ሽማግሌ እጅ ላይ የማስቀምጠው? ብላ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። በየገጹ መሃል አንድ አንድ ቀዳዳ አለ። የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበትን ጣሳ አምጥታ በየቀዳዳው ላይ ቁልፍ ልትሰፋ ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ሰፍታ ስታየው ግን ቆሻሻ ላይ ሽቶ እንደመርጨት ሆነባት። ፈታችው። ይታይ አለች ለራሷ፣ የሆነው ነገር ይታይ።

የመጀመሪያው ገጽ ነበር ያስቸገራት። ነጭ ወረቀት አዘጋጀችና ከምስማሩ ላይ ያዳነቻትን ጥግ፣ የቆርቆሮ ክምሩን ጫፍ፣ በቦታዋ ለጠፈች። ከጎኑ ሰውየው የሚቆሙበት ቦታ ባዶ ሆነ። ፊት መሣል አትችልም፤ ብትችልም ውሸት ይሆናል። በሰማያዊው ክር የባርኔጣና የትከሻ መስመር ብቻ ሰፋች፣ ውስጡን ባዶውን ተወችው። በዚህም ገጽ መሃል፣ እንደሌሎቹ ሁሉ፣ በምስማር አንድ ቀዳዳ በሳችበት። ጅብሪል ወደ መጋዘኑ ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ። የምትሠራውን አየ፣ እሷም እንዳየ አየች። ስለ ጓሮዋ ክፍል ሳያነሣ ወጥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በእትዬ ተሻለች ቤት ተገኘች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ክሩ የተመዘዘ ሶፋ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ፣ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ ወለሉ ላይ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል የብረት ሳህን። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጋሽ ገብረ መድህን ጋቢ ተከናንበው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ማን እንደመጣ አያውቁም፣ ለሁሉም ፈገግ ይላሉ። ሙቢና እትዬ ተሻለችን ወደ ጓዳ ስባ ሥራው እንደተጎዳ፣ የኮምባይነሩ ፎቶ እንደጠፋ ነገረቻቸው። የት እንደጠፋ አልተናገረችም። አሮጊቷ ደብተሩን ተቀብለው ገለጥ አደረጉት፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ጠየቅ ሊያደርጓት አስበው ተዉት። «ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» አሉ ብቻ፤ የሚያወሩት ስለ ልጃቸው ነበር። ደብተሩን ወስደው በባላቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ በእውቀቱና ጅብሪል ተከትለው ገቡ። ቦታ ስላልበቃ ሙቢና በሩ ላይ ቆመች። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ማዳበሪያ ተወራ፣ ሁሩታ ከተማ ስለሞተ ሰው ተጽናኑ። ከዚያ በእውቀቱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ወደ ሳህኑ እያመለከተ ቤቱ እንዳረጀ፣ ነገ ከነገ ወዲያ በላያቸው እንደሚወድቅ፣ አባቱ ያሉበትን እንኳ እንደማያውቁ ተናገረ። ንግግሩ ያማረ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ጅብሪል ወለሉን ያያል። ሀጂ ቱሳ ግን ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እሳቸውና ጋሽ ገብረ መድህን እኩዮች ናቸው።

«ገብሬ፣» አሉ፣ «ልጅህ ቤቱን ልንሸጥ ነው ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ጋሽ ገብረ መድህን ፈገግ አሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በእውቀቱ እጆቹን ዘርጋ አድርጎ አያችሁ እንደማለት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ። ሙቢና ያን ጊዜ ነበር በሩን ለቃ የገባችው። ማንንም ይቅርታ ሳትጠይቅ በሰዎቹ መሃል አልፋ፣ ጋሽ ገብረ መድህን ጭን ላይ ያለውን ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገለጠችላቸው። ጅብሪል ከጀርባዋ «ሙቢና!» ሲል ሰማችው። አልዞረችም።

አዛውንቱ ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። የቆርቆሮውን ጫፍ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው እየዳሰሰ መሃል ላይ ቀዳዳው ጋ ደረሰ፣ ገባበት። እዚያው ቆየ። ሳህኑ ጠብ አለ። ጋሽ ገብረ መድህን ቀና ብለው ውሃው የሚወርድበትን ጣራ አዩ፣ እንደገና ቀዳዳውን አዩ፣ ፊታቸው ላይ ያ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ፤ በቦታው የተቆጣ ሰው ፊት መጣ።

«ምስማሯ ወልቃለች» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር። «በእውቀቱ! ከምስማሩ ሥር ጎማ ሳታደርግ አትምታ ብዬህ አልነበር? ምስማሩን አቀብለኝ አልኩህ እንጂ ምታ አልኩህ? ይኸው ያፈሳል።»

የልጃቸውን ስም ጠርተው ነበር። እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሀጂ ቱሳ ጎንበስ አሉ።

«ገብሬ፣ ቤቱ የማነው?»

«የማን ሊሆን ነው? በዚህ ቆርቆሮ የከደንኳት እኔ ነኝ። ቱሳ አንተ አይደለህ እንዴ መሰላሉን የያዝክልኝ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሀጂ ቱሳ ቀስ ብለው። «ትሸጣታለህ ወይ?»

«በዚህ ዝናብ? ሽጬ የት ልገባ ነው?»

ሀጂ ቱሳ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አቆሙ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም፤ ወደ ጓደኞቻቸው አይተው፣ ከባለቤቱ አፍ እንደሰሙና ነገሩ እዚህ ላይ እንዳለቀ ተናገሩ። በእውቀቱ ብድግ አለ። አባቱ ያወሩት ስለ ጣራ እንጂ ስለ ሽያጭ እንዳልሆነ፣ ማንም ወረቀት ቢሰጣቸው እንዲህ እንደሚቀባጥሩ ማስረዳት ጀመረ። ወረቀቱን ሊወስድባቸው እጁን ሰደደ። አባቱ አልሰጡትም። ባዶውን የባርኔጣ መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ነበር።

«እዚህ ላይ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ቆርቆሮው አለ፣ እኔ የለሁም።» ቀና ብለው ልጃቸውን ፊት ለፊት አዩት። ቁጣው በርዶ ነበር፤ መነጽሩን ያጣ ሰው ቤተሰቡን እንደሚጠይቀው ነበር የጠየቁት። «በእውቀቱ፣ የት አደረግከኝ?»

በእውቀቱ ገጹን አየ። ነጩን ቀለም፣ የተሰፋውን ጨርቅ፣ ሰማያዊውን ክር፣ የተቀደደውን ጥግ አየ። ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ሙቢና ፊቱን ሳትሰለች ተመለከተችው፤ ደሙ ከግንባሩ ጀምሮ ሲሸሽ አየች። በእውቀቱ ወደ ጅብሪል ዞረ። ጅብሪል ፊቱን ወደ ሳህኑ መለሰ። ያ ለበእውቀቱ በቂ መልስ ነበር። የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀርቶ፣ ማንን እንደሚነካበት የጠፋው ሰው ይመስል ከራሱ አርቆ ያዘው። እንደዚያው እንደያዘው ወጣ።

ከደጅ የቧንቧው ውሃ ሲከፈት ተሰማ። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ተሳስመው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፤ ጅብሪልም እኅቱን ሳያይ ከኋላቸው ወጣ። ዛሬ ማታ በረንዳው ላይ ምን እንደሚጠብቃት ሙቢና ታውቃለች፤ ግድ አልሰጣትም። ውሃው አሁንም ይወርዳል። እትዬ ተሻለች በመስኮቱ ብቅ ብለው አዩና፣ «ይኼ ልጅ እጁን ምን ነካው? ሳሙናዬን ጨረሰው እኮ» አሏት።

ሙቢና ጋሽ ገብረ መድህን አጠገብ ተቀምጣ የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠችላቸው፤ ደጅ በእውቀቱ እጁን መታጠቡን አላቆመም።